ካራቫን የሚጎትት መኪና ስንፈልግ፦ የቤታችን የጉዳይ ጥናት

መኪናችን ምንም አልሆነም ነበር። ይህን ቀድሜ ልናገር። ሞተሩ ይሠራል፣ ካምቢዮው ይሠራል፣ ጎማው ገና አዲስ ነው። የ2011 ሞዴል ናፍጣ ፓሳት፣ ከኋላ ረጅሙ። ግን ከአንድ ማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ ከደጃችን በወጣ ቁጥር በቀን 12 ፓውንድ ከ50 የሚበላ መኪና ሆነ።

ለንደን ለማትኖሩ ነገሩ እንዲህ ነው። ዩሌዝ የሚሉት የአየር ብክለት ክፍያ አለ። በ2019 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) መሀል ከተማ ላይ ጀመረ፣ በ2021 ሰፋ፣ ኦገስት 29 ቀን 2023 (በኛ ነሐሴ 23 ቀን 2015) የለንደንን ወረዳዎች በሙሉ ጠቀለለ። እኛ ያለነው ለንደን ዳር፣ ክሮይደን ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ወሬውን ከሩቅ ነበር የምንሰማው። ናፍጣ ከሆነ ዩሮ 6 የሚባለውን የአውሮፓ የጭስ ደረጃ ማሟላት አለበት፣ ማለትም በአብዛኛው ከሴፕቴምበር 2015 ወዲህ የተመዘገበ። ቤንዚን ከሆነ ዩሮ 4 ይበቃል፣ ከ2006 ወዲህ ያለው ብዙውን ጊዜ ያልፋል። የኛ ዩሮ 5 ናፍጣ ነው፣ አያልፍም። ቀኑ የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ስለሆነ ማታ 5 ሰዓት ወጥተህ ሌሊት 7 ሰዓት ብትመለስ የሁለት ቀን ትከፍላለህ። በዓመት ነጻ የምትነዳው በፈረንጆቹ ገና ብቻ ነው። በኛ ገና ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ትከፍላለህ።

ልጆች ትምህርት ቤት ማድረስ ብቻ በሳምንት አምስት ቀን ነው። ደመርነው። በወር 250 ፓውንድ። ባለቤቴ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችውና ዝም አለች። ዝምታዋ ገባኝ።

ካራቫን፣ ማለትም መኪና የሚጎትተው ባለ ጎማ የሽርሽር ቤት፣ ባይኖረን ጉዳዩ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነበር። ጓደኞቼ ግማሾቹ ታክሲ ነጂዎች ናቸው፣ ሁሉም አንድ መልስ ነው ያላቸው፦ "ፕሪየስ ግዛና ተገላገል!" አንዱ እንዲያውም የራሱን ሊሸጥልኝ ነበር፣ ከ2009 እስከ 2015 የተሠራውን ቅርጽ። መኪናው ግሩም ነው። ግን እዚህ አገር ያ ቅርጽ ምንም ነገር እንዲጎትት አልተፈቀደለትም። ቀጥሎ የመጣው እንኳን 725 ኪሎ ብቻ ነው የተፈቀደለት።

ካራቫኑን የገዛነው በ2020፣ በኮሮና ጊዜ፣ ከአንድ ጡረታ ከወጡ ጎረቤታችን ነው። አራት ሰው ያስተኛል፣ ባለ አንድ አክስል ነው። በሩ አጠገብ ትንሽ ሳህን ተለጥፋለች፣ እዚያ ላይ በሙሉ ጭነት የሚፈቀድለት 1,300 ኪሎ ተብሎ ተጽፏል። ባዶውን 1,130 ነው። ስለዚህ ለኛ የቀረችው 170 ኪሎ ናት። ብዙ ትመስላለች። ጋዙ፣ ድንኳኑ፣ ብርድ ልብሱ፣ የልጆቹ ብስክሌቶች፣ ሳህንና ድስቱ፣ ጀበናው... አለቀች። ምጣዱን አንዴ ይዘን ሄደን ነበር፣ ሁለተኛ አልደገምነውም። ካራቫኖች የሚቆሙበት ሰፈር የመብራት መስመር 10 አምፒር ነበር፣ ያ ማለት 2,300 ዋት ነው፣ የኛ ምጣድ ገና መሞቅ ሲጀምር መብራቱ ድርግም አለ። ጎረቤት የቆሙት እንግሊዞች ግን ሽታው እንኳን ሳይደርሳቸው ቀረ፣ ያሳዝናል። አሁን እንጀራውን ከቤት ጋግረን ነው የምንሄደው።

በነገራችን ላይ የፈተና ጉዳይ ነበረብኝ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ ወደ እንግሊዙ አይቀየርም፣ አንድ ዓመት ይነዳበታል፣ ከዚያ እንደማንኛውም ጀማሪ ትፈተናለህ። እኔ ያለፍኩት በ2009 ነው። ከ1997 ወዲህ ያለፈ ሰው ከ750 ኪሎ በላይ ተሳቢ ከጎተተ፣ መኪናውና ተሳቢው በተፈቀደላቸው ሙሉ ክብደት ተደምረው ከ3,500 ኪሎ ማለፍ አልነበረባቸውም። ፓሳቱና ካራቫኑ ለጥቂት ነበር ከዚያ በታች የሚሆኑት። ከዲሴምበር 16 ቀን 2021 ጀምሮ ግን ሕጉ ተለወጠ፣ ተሳቢው ብቻውን እስከ 3,500 ኪሎ ተፈቀደ። ይህ ለኔ ጥሩም መጥፎም ነው። ጥሩነቱ ምርጫዬ ሰፋ። መጥፎነቱ የሚከለክለኝ ሕግ ጠፍቶ ሁሉም ነገር በኔ ጭንቅላት ላይ ወደቀ።

ጭንቅላቴን ደግሞ ብዙም አላምነውም ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በ2022 ክረምት፣ ፈረንጅ ክረምት ሳይሆን የኛ፣ ኤም 5 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ወደ ዴቨን እየሄድን ነው። ቁልቁለት ነገር አለ። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በቀኜ አለፈኝ። ነፋሱ ገፋን፣ ከዚያ መልሶ ሳበን። ካራቫኑ ጭራውን መቁላት ጀመረ። በስፖኪዮ አየዋለሁ፣ አንዴ በግራ ይወጣል፣ አንዴ በቀኝ። እያንዳንዱ ከበፊቱ ይሰፋል። መሪው እጄ ላይ ቀለለኝ፣ ይህ ነው እስከ ዛሬ የማልረሳው፤ የመኪናው ቂጥ የኔ አልነበረም። እግሬ ወደ ፍሬን ሊሄድ ሲል አጎቴ ትዝ አለኝና ነዳጁን ብቻ ለቀቅኩ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። ምናልባት አምስት ሰከንድ ነው። ልጆቹ እንቅልፍ ላይ ነበሩ። ባለቤቴ አልነበረችም እንቅልፍ ላይ።

ሰፈሩ ደርሰን መርማሪ ሆንኩ። ካራቫን ሲጎተት ከክብደቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆነው መንጠቆው ላይ፣ ማለትም መኪናው ቂጥ ላይ ማረፍ አለበት። የኛ ተጭኖ 1,250 ኪሎ ገደማ ነበር፣ ስለዚህ ከ62 እስከ 87 ኪሎ መሆን አለበት። ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ኪሎዋን የምታይበትን ሚዛን አወጣሁ፣ ደልዳላ መሬት ላይ አስቀመጥኩት፣ ላዩ ላይ የተቆረጠ ጣውላ አቆምኩ፣ የካራቫኑን አፍ እላዩ ላይ አሳረፍኩ፣ ጭነቱን እንደነበረው መልሼ ጫንኩ። ሚዛኑ 38 አለ። ድጋሚ ሞከርኩ። 38። ድንኳኑንም ብስክሌቶቹንም ከኋላ ጫፍ ነበር የደረደርኩት፣ እነሱ ኋላውን ሲጫኑ አፍንጫው ተነስቷል። ጥፋቱ የመኪናው አልነበረም፣ የኔ ነው። ድንኳኑን ወደ መሀል፣ አክስሉ ላይ አምጥቼ ስመዝን 71 ሆነ።

ታሪኩን ለአጎቴ ስልክ ደውዬ ነገርኩት። አጎቴ ድሮ በኤንትሬ ከነተሳቢው አሰብ መንገድ ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው፣ አሁን አዲስ አበባ ጡረታ ላይ።

"ጋሼ፣ መኪና ልቀይር ነው፣ ጉልበት ያለው የትኛው ነው?" አልኩት።

"አንተ ልጅ፣ ጉልበት ምን ያደርግልሃል?" አለኝ። "ዳገቱን ማንም ይወጣዋል፣ ሲመሽም ይወጣዋል። ቁልቁለት ላይ ማን ማንን ነው የሚይዘው? ተሳቢው ከፊተኛው ከከበደ አንተ አይደለህም የምትነዳው፣ እሱ ነው። አባይ በረሃ ስንት ሰው እንደዚያ ሄዷል።"

ከዚያ በኋላ ፍለጋው መልክ ያዘ። እዚህ አገር የካራቫን ሰዎች ለጀማሪ የሚመክሩት 85 በመቶ የሚባል ነገር አለ፤ የካራቫኑ ሙሉ ክብደት ከመኪናው የራሱ ክብደት 85 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ሕግ አይደለም፣ ምክር ነው። ግን የአጎቴ ምክር በቁጥር ሲጻፍ ይኸው ነው። ፓሳቱ 1,560 ኪሎ ገደማ ነበር፣ 1,300ውን ስታካፍለው 83 በመቶ ይመጣል። ጠርዝ ላይ ነበርን። አዲሱ መኪና ከ1,600 በላይ ቢመዝን ደስ ይለኛል፣ 1,700 ቢሆን እንቅልፍ እተኛለሁ። በጀታችን ከነመንጠቆ ሥራው 17,000 ፓውንድ።

ባለቤቴ ሃይብሪድ፣ ማለትም በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ ነው የፈለገችው። ምክንያቷ ትክክል ነው፣ መኪናው ከአሥር ቀን ዘጠኙን የሚውለው ከተማ ውስጥ ነው። ቶዮታ ራቭ 4 ሃይብሪድ አገኘን። የ2018፣ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ዋጋው በጀታችን ውስጥ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከኋላው መጎተቻ መንጠቆ ተገጥሞለታል። ሻጩን ካራቫን ይጎትታል ወይ ብለን ጠየቅነው። "አዎ እንጂ፣ መንጠቆውን አታዩትም?" ዓይነት መልስ ሰጠን። ባለቤቴ ቁልፉን ይዛ ነበር። እኔ የሾፌሩን በር ከፍቼ ተንበረከክሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ከጽሑፉ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ ሰው ካለ ይህንን ይውሰድ። መኪናው ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ያለባት ሳህን አለች፣ አብዛኛውን ጊዜ በሩ ሲከፈት ምሰሶው ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር። ከቁጥሩ በታች አራት ክብደቶች ይደረደራሉ። የመጀመሪያው መኪናው ከነጭነቱ የሚፈቀድለት ነው። ሁለተኛው መኪናውና ተሳቢው አንድ ላይ የሚፈቀድላቸው። ሦስተኛውና አራተኛው የፊትና የኋላ አክስል ናቸው። ከሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ቀንስ፣ በሙሉ ጭነት መኪናው መጎተት የሚችለው ይወጣል። የመጀመሪያው 2,400 ሁለተኛው 4,400 ከሆነ 2,000 ኪሎ ማለት ነው። የሁለተኛው ቦታ ባዶ ከሆነ ወይም ሰረዝ ካለበት መኪናው አይጎትትም፣ አለቀ፣ መንጠቆ ቢኖረውም ባይኖረውም። በሊብሬውም ላይ፣ እዚህ አገር ባለው፣ ኦ.1 የምትል መስመር አለች፣ ፍሬን ያለው ተሳቢ እስከ ስንት ኪሎ እንደሚጎትት ትናገራለች።

የነጩ ራቭ 4 ልዩነት 800 ወጣ። ሊብሬውም 800 አለ።

እዚያው በስልኬ ፈለግሁ። ራቭ 4 ሃይብሪድ የፊት ጎማ ብቻ የሚነዳው 800 ኪሎ ነው የሚጎትተው፣ አራቱም ጎማ የሚነዳው 1,650። ያው ስም፣ ያው ሞተር፣ ያው መልክ። ባለ አራት ጎማው ኋላ ላይ ሌላ የኤሌክትሪክ ሞተር አለው፣ ከፊተኛው ጋር በዘንግ እንኳን አይገናኝም። የነጩ የቀድሞ ባለቤት መንጠቆውን ያስገጠመው ለብስክሌት መጫኛ ሳይሆን አይቀርም። ሻጩ የዋሸን አይመስለኝም፣ አላወቀም። ግን ያንን ቀን ፈርመን ብንወጣ 1,300 ኪሎ በ800 ኪሎ መኪና እየጎተትን ነበር ዌልስ የምንሄደው፣ አደጋ ቢደርስ ደግሞ ኢንሹራንሱ ምን እንደሚለን ለመገመት ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም።

ባለ አራት ጎማውን ፈለግን። አለ። ዋጋው እኛ ካለን በላይ ነው፣ በበጀታችን የሚገኘው ደግሞ ብዙ የተነዳ ነው። አንዱን ብቻ ነድቼ ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ እሪ አለ፣ ካራቫን ሳይኖር። ይጎትታል፣ ቁጥሩ ይፈቅዳል፣ ግን አራት ሰዓት መንገድ እንደዚያ እየጮኸ መሄድ አልፈለግኩም። የግል ጠባይ ነው፣ ሌላው ሰው ላይረብሸው ይችላል።

ቴስላ ሞዴል ዋይ ያለው ጓደኛ አለኝ፣ 1,600 ኪሎ ይጎትታል፣ ክብደቱም ሁለት ሺህ አካባቢ ነው፤ ለቁልቁለት ከዚህ የተሻለ የለም። ነገር ግን ካራቫን ስታስርበት በአንድ ቻርጅ የምትሄደው ርቀት ግማሽ ገደማ ይሆናል፣ ብዙ ቻርጅ ማድረጊያ ቦታዎች ላይ ደግሞ ካራቫኑን ፈትተህ የሆነ ጥግ ማቆም አለብህ። ሁለት ልጅ ሽንት መጣ እያሉ። ለማንኛውም ዋጋውም አልደረሰልንም።

ስለዚህ ዞረን ዞረን ናፍጣ ላይ ተመለስን። ሳስበው አሁንም ይገርመኛል፣ ናፍጣ ነው ብለው ያስወጡን፣ ናፍጣ ገዝተን ገባን። ያገኘነው ስኮዳ ኮዲያክ ነው፣ የ2018፣ ባለ 2 ሊትር ዩሮ 6፣ 150 የፈረስ ጉልበት፣ አውቶማቲክ። 150 ትንሽ ይመስላል። ለመጎተት ዋናው ግን ሞተሩ ገና በዝቅተኛ ዙር ላይ እያለ የሚሰጠው መሳቢያ ኃይል ነው፣ ይኼኛው በ1,750 ዙር 340 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፣ ማለትም ሳይጮህ ይስባል። ሳህኑ ላይ ያሉትን ስቀንስ 2,000 ኪሎ አገኘሁ። የራሱ ክብደት 1,700 ገደማ። ካራቫኑ ለሱ 76 በመቶ ነው። ለአጎቴ ደውዬ ቁጥሩን ነገርኩት፣ "እህ፣ አሁን ሰው ሆንክ" አለኝ።

2,000 ማለት ምን ማለት እንደሆነም መካኒክ ጓደኛዬ አስረዳኝ። አምራቹ ያንን ክብደት አስሮ 12 በመቶ ዳገት ላይ ያቆመዋል፣ ከቆመበት ተነስቶ እንዲሄድ ያደርገዋል፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ። ያ ነው ፈተናው። አውራ ጎዳና ላይ በነፋስ ይረጋጋል ወይ የሚለውን ያ ፈተና አይነግርህም፤ ስለዚህ 2,000 ተብሎ ስለተጻፈ 2,000 ላስርበት ማለት ሞኝነት ነው።

አሮጌውን ፓሳት ከተማው 2,000 ፓውንድ ሰጥቶ ሊያስቀጠቅጠው ይችል ነበር፣ ዕቅዱ ከኦገስት 21 ቀን 2023 ጀምሮ ለሁሉም የለንደን ነዋሪ ክፍት ሆኖ ነበር። ከለንደን ውጭ የሚኖር ሰው 2,600 ሰጠን፣ ለሱ ሸጥነው። ደግሞም የሚሠራ መኪና ሲቀጠቀጥ ማየት አልቻልኩም።

መንጠቆው 780 ፓውንድ ወሰደ። እዚህ ላይ ርካሽ ላድርገው ብዬ ነበር፣ መካኒኩ ጓደኛዬ ነው የከለከለኝ። ርካሹ የኤሌክትሪክ መስመር ፍሬቻና የኋላ መብራት ብቻ ያበራል፤ መኪናው ተሳቢ እንደታሰረበት አያውቅም፣ ወደ ኋላ ስትል ካራቫኑን ግድግዳ መስሎት ጲጵ ጲጵ ሲል ይውላል። ለመኪናው ተብሎ የተሠራው ባለ 13 እግር ሶኬት ግን ለመኪናው ኮምፒውተር ይነግረዋል፣ ካራቫኑ ጭራውን መቁላት ሲጀምር መኪናው ራሱ ፍሬን በጥቂቱ እየነካ ያረጋጋዋል። ከኤም 5 በኋላ ለዚህ ገንዘብ አልቆጥብም። አንድ ነገር ደግሞ፣ የካራቫናችን አፍ ውስጥ መንጠቆውን ጨምድዶ የሚይዝ ማረጋጊያ አለ፣ የሚሠራው በሰበቃ ስለሆነ የመንጠቆው ኳስ ላይ ጠብታ ግሪስ መኖር የለበትም። አዲሱ መንጠቆ ግሪስ ተቀብቶ ነው የመጣው። ልጄ በጨርቅ ስትወለውለው ዋለች።

የመጀመሪያው ጉዞ በ2024 ግንቦት መጨረሻ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነበር። ኤም 4ን ይዘን፣ ትልቁን ድልድይ ተሻግረን (ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ አይከፈልበትም፣ የማይከፈልበት ነገር ሳገኝ መጥቀስ ልማድ ሆኖብኛል) ዌልስ ገባን። ከመርተር ቲድፊል ወደ ብሬኮን ኤ470ን ይዘን፣ ፔን ኢ ፋን የሚባለው ተራራ ግራ ቀኙን በጉም ተሸፍኖ፣ ዳገቱን በጸጥታ ወጣነው። ስንወርድ ማርሹን በእጄ ዝቅ አደረግሁ፣ አጎቴ "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" የሚለውን ልጅ ሆኜ ነው ያስጠናኝ። ካራቫን ጎትተህ እዚህ አገር በአውራ ጎዳና ከ60 ማይል በላይ አይፈቀድም፣ እኔ 55 ላይ ነበርኩ። የጭነት መኪኖች አለፉን። ትንሽ ገፋ አደረጉን፣ አለቀ። ብቻችንን ስንነዳ በሊትር 16 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ በካራቫኑ 10 ሆነ።

ያልተፈታው ነገር ምንድነው? ናፍጣ ከተማ ውስጥ መነዳት አይወድም። ዩሮ 6 ናፍጣ ጭሱን የሚያጣራ ማጣሪያ አለው፣ ማጣሪያው የያዘውን ጥቀርሻ የሚያቃጥለው ደግሞ ሲሞቅና ረዘም ላለ ጊዜ በፍጥነት ሲነዳ ነው። ትምህርት ቤት ደርሶ መምጣት አሥር ደቂቃ ነው። ባለፈው ኅዳር የማጣሪያው ቢጫ መብራት በራች።

"ሃይብሪዱን ብንገዛ ኖሮ..." አለች ባለቤቴ።

"የትኛውን? ባለ 800ውን?"

መልስ አልሰጠችኝም። ቡና በቴርሞስ ሞላች፣ ልጆቹን ጃኬት አለበሰች፣ ኤም 25ን ይዘን ካራቫኑ የክረምት ወራት ወደሚቆምበት ግቢ ሄድን። ጎማውን አየን፣ መስኮቱን ነካካን፣ ውስጡ ቁጭ ብለን ቡናችንን ጠጣን። ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ መብራቷ ጠፋች።